ስለ ፍየሏ የተደረገው ክርክር

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ዞሬ ተቀመጥኩ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳርና ሩዝ ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ወሬው ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቀደዳል፤ የቀረውን እኔው ከልቤ እጨርሰዋለሁ። ወሬ ማውራት መውደዴም ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። እናም የተማረ ሰው ስለ ትምህርት ሲናገር ለመስማት የምጓጓ ሴት ነበርኩ። ያ ቀን ጉጉቴን አስተነፈሰው።

የወንድሜ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም። ከእናቷ ጋር በሶማሌኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ስትናደድ ሦስቱንም ቀላቅላ ታወርደዋለች። የድሬ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው፣ ማንንም አይገርምም። ክፍል ውስጥ ግን ድምጿ ጠፋ። መምህሩ ሲጠይቃት ታቀረቅራለች። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ፤ ወደ ኬጂ ልትመለስ ነው ተባለ። እሷም ሰምታለች።

«ኤዶ» አለችኝ፤ የአባቷ እህት ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። «ከነዚያ ሱሪያቸው ላይ ከሚሸኑት ጋር ልቀመጥ ነው?»

«አብሽሪ፣ እኔ እያለሁ?» አልኳት። በምን አቅሜ እንደሆነ እንጃ።

እናቷ አራስ ስለነበረች ከወንድሜ ጋር እኔ ሄድኩ። ስብሰባውን የጠሩት ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ! ሱቁ ሁሉ ዘግቶ፣ ወንዱ የጫት በርጫው ላይ ጋደም በሚልበት፣ ውሻ እንኳ ከግድግዳ ጥላ በማይወጣበት ሰዓት! ስለ ሰው አእምሮ ያጠና ሰው ይህቺን ታህል አያስብም? ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ጫቱን ትቶ፣ ሽርጡን አውልቆ፣ ለሠርግ የገዛውን ሱሪ ለብሶ መጣ።

ሁለት ሰዎች ጠበቁን። አንደኛው መምህሯ ነው፤ ወጣት፣ ከሥልጠና በቅርቡ የተመለሰ፣ የሥልጠናውን ባጅ ገና ከአንገቱ ያላወለቀ። ሌላኛው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ በኪሳቸው የወረቀት ኮከብ ይዘው እየዞሩ ለመለሰ ልጅ ግንባሩ ላይ የሚለጥፉ። በእኛ ሙቀት ኮከቡ ከላቡ ጋር እየተንሸራተተ ቅንድብ ላይ ነው የሚውለው። ልጅቷን መሃላቸው አቆሟት።

«ልጅ ማለት ማጠናከሪያ የሚፈልግ ነው» አሉ ምክትሉ። «ሲመልስ ትሸልመዋለህ፣ ዝም ሲል ትነፍገዋለህ። መማር የባህሪ ለውጥ ነው፣ አለቀ።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያረጀ አመለካከት ነው» አለ ወጣቱ። «ልጅ ዕውቀቱን ራሱ ነው የሚገነባው። እኛ አመቻቾች ነን።»

«ስትገነባ አይተሃታል? መሠረት አውጥታለች?»

«ውስጧ ያለው የአስተሳሰብ ሂደት ስለማይታይዎት ነው።»

«ለአንተ ይታይሃል?»

«በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ አዎ።»

ቀፊራ ሁለት ደላሎች በአንድ ፍየል ሲጨቃጨቁ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እነሱ እንኳ አልፎ አልፎ ዞር ብለው ፍየሏን ያያሉ፣ ጥርሷን ይከፍታሉ። እነዚህ ግን የሚተያዩት እርስ በርስ ነው። ልጅቷ መሃል ላይ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወላሂ፣ ስለኛ ልጅ ነው የሚያወሩት?»

«ዝም በል አቦ፣ እየገነቡ ነው» አልኩት።

ምክትሉ ክርክሩን ሊያሸንፉ የሥዕል ካርድ ከመሳቢያ አወጡ። ፍየል ነው። በየጠዋቱ ሱቄ በር ላይ ካርቶን የምትበላውን፣ ልጅቷ በጫማዋ የምታባርራትን ዓይነት ፍየል! ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ ደቅነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏት።

ካርዱን አላየችም፤ አባቷን አየች። ከዚያ አቀርቅራ በቀጭን ድምፅ «አኒጋ ማሃ» አለች፣ በሶማሌኛ።

«ምን አለች?» አለ ወጣቱ።

«እኔ አይደለሁም ነው ያለችው» አልኩ።

«አያችሁ? ፍየል እንኳ አታውቅም!» አሉ ምክትሉ።

«ኧረ ጋሼ! ይሄማ የማንነት ጥያቄ ነው» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑ እያበራ።

ወንድሜ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ያኔ ለእኔም ገባኝ።

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው አንድ ነገር በጣቱ እያሳየ «ይሄ ምንድን ነው?» ካለ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የፈሰሰ ወተት፣ በቅባት እጅ የተነካ የባጃጅ መስታወት። ካልሆነማ የሚያውቀውን ነገር ለምን ይጠይቃል? አባታችን በዚህችው ጥያቄ ነው ያሳደገን፤ ወንድሜም ወርሷታል። ጨዋ ልጅ እንዲህ ሲጠየቅ ያቀረቅራል፤ ያላጠፋ ከሆነ ደግሞ እኔ አይደለሁም ይላል። የእኛ ልጅ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ስትከሰስ ነበር የከረመችው፤ አንድ ቀን በላም፣ አንድ ቀን በፀሐይ፣ ዛሬ በፍየል።

«መምህር፣ ነገሩ ከእኔ ነው» አለ ወንድሜ። «እቤት እንደዚህ ብዬ የምጠይቃት ስታጠፋ ብቻ ነው። ፍየሏን የሆነ ነገር ያደረገች መስሏት ነው።»

ሁለቱም አቀረቀሩ። አፍረው መስሎኝ ነበር። ለካ መልስ እያዘጋጁ ነው።

«በቃ!» አሉ ምክትሉ ጠረጴዛውን መትተው። «ጥያቄው ከቅጣት ጋር ተያይዟል! እኔ ከመጀመሪያ ያልኩት ምን ነበር?»

«በፍጹም! ከቤቷ ልምድ ተነስታ የራሷን ትርጉም ገነባች። እኔ ያልኩትም ይሄንኑ ነው!»

እንደገና ጀመሩ። ለልጅቷ «አላጠፋሽም» ያላት ሰው የለም። በመጨረሻ ጉዳዩ ተጨማሪ ውይይት ያስፈልገዋል ተባለ፤ እስከ ሰኞ አፏን ካልፈታች ግን ኬጂ ትወርዳለች።

ከዚያ በኋላ ስለ መማር የተጻፉ መጻሕፍት ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ እየፈለግኩ አነበብኩ። ሁለቱም ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ ልጅን በቅርብ ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች የደከሙበት እንደሆነ ያስታውቃል። ሐሳቡን አልናቅኩም። የናቅኩት ሐሳብን እንደ ሠርግ ሱሪ ለታይታ የሚለብሱትን ነው። ወንድሜስ ሱሪውን እቤቱ ሲደርስ አወለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን በባጃጁ ጭኖ ትምህርት ቤት ሲወስዳት፣ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ወደ ታች ደረቁን አሸዋ እያሳየ «ይሄ ምንድን ነው?» አላት። አለቀሰች። ባጃጁን ዳር አቁሞ «ምንም አልተሰበረም፣ አላጠፋሽም፣ ጨዋታ ነው» አላት። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው አይደለም፣ ዝምተኛ ነው። ግን ሲሄዱም ሲመለሱም ያየውን ሁሉ ይጠይቃት ጀመር። እሑድ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«ያስ?»

«ግመል።»

«ይሄስ?» አፍንጫውን ይዞ።

«የአባዬ አፍንጫ። አልተሰበረም።»

ሰኞ ካርዱን ሲያሳዩዋት «ፍየል» አለች። ኮከብ ተለጠፈላት፤ አንደኛ ክፍልም ቀረች። ሁለቱ መምህራን የማን ዘዴ እንደሠራ እስካሁን እየተከራከሩ እንደሆነ እሰማለሁ።

በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ብርጭቆ ተሰበረ። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ስብርባሪውን ወለሉ ላይ አገኘው። ልጅቷ ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። ማንንም ምንም አልጠየቀም። መጥረጊያ አምጥቶ ሰበሰበውና ውጭ ጣለው።