የጠገቡ አምባዞች ደም

እናትነሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ የዓሣ ደም ግን እሷን ያህል የሚያውቅ በሱዳኗ ኒው ሀልፋ አልነበረም። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ድንበር ተሻገረች፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ እያረመች አደገች፤ ከመስኖው ቦይ ዳር ካለው የዓሣ እርባታ የተቀጠረችው መረብ ለመጠገን ነው። ዕውቀቱን የሰጣት ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ እዚያ የተጠጋው የዓሣ ተመራማሪ ዶክተር ሁዜይፋ ነበር።

ከእንስቷ አምባዛ ጭራ ሥር በመርፌ ጥቂት ደም ይቀዳል። ብልቃጡ ጥላ ሥር ሲቆይ ቀዩ ይዘቅጥና ከላይ ውሃው ይቀራል። ውሃው ጥርት ካለ ዓሣዋ ገና ናት፤ እንደ አጓት ከደፈረሰ የእንቁላሉ አስኳል በደሟ እየተጓዘ ነውና እንቁላል ለመጣል ደርሳለች። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነገራት፤ ደም ከመቀዳቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ምንም አይቅመሱ፣ የበሉት ቅባትም ደም ያደፈርሳል። እሱ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ ብልቃጦቹ ለሷ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስታ አታውቅም።

ዘንድሮ ነዳጅ ጠፋ፤ የውሃ መሳቢያው አንድ ሁለት ቀን መቆም አበዛ። ባለቤቱ ሐጅ እስማኤል ሃያዎቹን እናት አምባዞች ለሥጋ ሊሸጧቸው ቆረጡ። እነሱ ከሄዱ ጫጩት የለም፤ ጫጩት ከሌለ የእናትነሽም እንጀራ የለም።

«ሐጅ፣ መጀመሪያ ደማቸውን ልየው። ካልደረሱ እኔው ጭኜ እሰድልዎታለሁ።»

«ጠይብ፣ እሺ፣ ነገ አይተሽ ንገሪኝ» አሉ።

ዓሦቹን የሚቀልበው ታናሽ ወንድሟ ያረጋል ነው፤ እናታቸው አገር ተመልሳ የወለደችው፣ ከመተማ ሸሽቶ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የከረመ፣ ሐጅን ለምና ያስቀጠረችው። «እስከ ነገ ፍርፋሪ እንዳትሰጣቸው» አለችው። እሺ አለ።

በማግሥቱ ሃያውም ብልቃጥ ደፈረሰ። ሁሉም ባንዴ መድረሳቸው ከንክኗት ነበር፤ ግን ደስታ ዓይን ይጋርዳል። «ደርሰዋል» አለች። ሐጅ ውዱን የማስወለጃ መርፌ አስመጡ፤ ዓሦቹ ተወጉ። እንቁላሉ እንዲወጣ ሆዳቸው ሲታሽ ከደም በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። ዘጠኙ በዚያው ቀን ሞቱ።

ያረጋልን ከመጋዘኑ ጀርባ ሲያለቅስ አገኘችው።

«ምን አደረግህ?»

«ከዘይት መጭመቂያው የተረፈ የሰሊጥ ፋጉሎ ሰጠኋቸው፣ እታለም። እኔን ካምፕ ባዶ ሆዴን ደም ቀድተውኝ ወድቄያለሁ። ርቧቸው መርፌ ሲገባባቸው ማየት አላስቻለኝም።»

ክፋት ቢሆን በጥፊ ትለው ነበር። ከሞኝ ወዳጅ ብልህ ጠላት ይሻላል የሚሉት እውነታቸውን ነው! የእናቷን ልጅ በዚያች ሰዓት ጠላችው።

ሐጅ ሁለቱንም ጠሩ። ያረጋል የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ከግቢው ከተባረረ የሚጠብቀው ያው የሸሸው ድንበር ነው።

«ተሳሳትኩ» አለች እናትነሽ።

«ዓይንሽ ደክሟል ማለት ነው። ኻላስ፣ በቃ! ካሁን ወዲያ የተረፉትን ወንድምሽ ይያቸው፤ ጎበዝ ነው፣ ዓይኑ ገና ነው። አንቺ አሳዪውና ወደ ቦይ ጠረጋው ግቢ።»

ያረጋል ሊናገር አፉን ከፈተ። እህቱን አየ፣ ሐጅን አየ፣ ብልቃጦቹንም ተቀበለ።

በሦስተኛው ሳምንት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስትዝቅ፣ አንድ ብልቃጥ ይዞ ከቦዩ አፋፍ ቆመ።

«እታለም፣ ይቺኛዋስ ደርሳለች?»

ቀና ብላ አየችው። ውሃው እንደ አጓት ደፍርሷል፤ ዓሣዋ እውነትም ደርሳ ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለችውና ወደ ጭቃዋ ጎንበስ አለች።