ከሙታን መካከል የጻፍኋት ሴት

በሕይወት ያለችን ሴት ሞታለች ብዬ በገዳም መዝገብ አስጽፌአታለሁ። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በደም ብልቃጥ ላይ የሰው ስም ስጽፍ እውላለሁ። ስም አሳስቼ አላውቅም። የእሷንም አላሳሳትሁም።

የክርስትና ስሟን የሰጠችኝ ራሷ ናት። ባሕር ዳር ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ነበርን፤ ዝናብ ሲመጣ አንድ ነጠላ ለሁለት የምንከናነብ ዓይነት ጓደኞች። በአንድ የፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ ወጥተን፣ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እግራችንን ውኃ ውስጥ ነከርን።

"ስመ ክርስትናሽን ንገሪኝና በጸሎት ላስብሽ፤ አንቺም አስቢኝ" አለችኝ።

ተነጋገርን። ይህ ስም ጠንቋይ እጅ ከገባ ሰው ይጎዱበታል እየተባልን ያደግን ልጆች ነን፤ ለማንም አይሰጥም። ሰጠችኝ፣ ሰጠኋት።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሰጠኋት። የእናቴ እናት መሸንቲ አካባቢ ሸክላ ትሠራ እንደ ነበር ነገርኋት። በቤታችን የማይነሣ ነገር ነው። ሸክላ ሠሪ በአንዳንድ ሰው አፍ ቡዳ ማለት ነው፤ ዓይኗ ሰው ይበላል፣ ያየችው ሕፃን ይደርቃል የሚባልላት። እሷ ሰምታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ "እኔ ዘንድ ተቀብሯል" አለችኝ።

ዓመታት አልፈው ታጨሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እናቴ ጌሾ እያሰጣች ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ቤተሰቡ ነገሩን ትቶታል አሉ። ለምን ሲባሉ መሬት መሬት አዩ። በሳምንቱ የእጮኛዬ አክስት እናቴን ገበያ ላይ አግኝታ በሰው ፊት ተናገረቻት፦ "እኛ ከቡዳ አንጋባም። የነገረችን ደግሞ የገዛ ጓደኛዋ ናት።"

ጓደኛዬ ራሷ እጮኛዬን አግብታው ቢሆን እንኳ ምክንያቷ ይገባኝ ነበር። አላገባችውም። ሐሙሲት ሌላ ሰው አግብታ ሄደች። ለምን እንዳደረገችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን በራፏ ላይ ልጇን ስታጠባ ባልፍ፣ ነጠላዋን በፊቱ ላይ ጣለችበት። ያንን ልጅ ስትወልድ አጥሚት ይዤላት የገባሁ እኔ ነኝ። በማኅበር ሰው ሲጎርስ ጀርባውን ያዞርብኝ ጀመር። የማያውቀኝ ሰው ያለበት አገር ፈለግሁና ድሬዳዋ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ሳይ ተመዘገብሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን ጀልባ ተሳፍሬ ወደ አንድ ደሴት ገዳም ሄድሁ። ሴት ከጀልባ ማረፊያው አልፋ አትገባበትም። ጧፍና ዕጣን በጀልባ ነጂው እጅ ልኬ እኔ ከድንጋዩ ላይ ቀረሁ። ከጧፉ ጋር አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ከላይ "ነፍስ ይማር"፣ ከታች የክርስትና ስሟ። ሐሳቤ አጭር ነበር። የካህናት አፍ ከሙታን መካከል ከጠራት፣ መሬትም ትጠራታለች። በየዓመቱ ዕረፍት ወጥቼ ስመጣ ጧፉንና ዕጣኑን አሳደስሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

"ያቺስ?" እላታለሁ እኅቴን፣ በስልክ።

"የትኛዋ?" ትላለች እያወቀች።

"ታውቂያታለሽ።"

"ደህና ናት። ሻይ ቤት ከፍታለች። ወፍራለች።"

"ታመመች ሲባል አልሰማሽም?"

"አንቺ ደግሞ! መንታ ወለደች ነው የምልሽ።"

እንዲህ በሰማሁ ቀን ስግደቴን እጥፍ አደርግ ነበር። እግዚአብሔርን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ እቆጣው ነበር። ጾሜ አልጎደለም፣ ቅዳሴ አላስታጎልሁም። ከአባታችን ሆይ መካከል ግን ስለ ይቅርታ የምትለዋን ሐረግ እዘላታለሁ። አምላክን መዋሸት አልፈለግሁም።

ያሸነፈኝ ቁርባን ነው። በየእሑዱ ቆራቢዎቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ እኔ ምሰሶ ተደግፌ እቆማለሁ። ሕፃናት ሳይቀሩ ያልፉኛል። እንዲህ ሆኜ ልሞት ነው ወይ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ስሟን ካስገባሽበት አውጥተሽ ነዪ፤ ከዚያ በፊት አትቆርቢም" አሉኝ።

ከመዝገቡ አውጪ እንጂ ከልብሽ አውጪ አላሉኝም ብዬ ተጽናናሁ።

በጥር፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን ጠብቄ ወደ ደሴቱ ሄድሁ። ጀልባ ነጂው ወደ ላይ ወጥቶ መዝገቡን የሚይዙትን አረጋዊ መነኩሴ ይዟቸው ወረደ።

"አባ፣ ማዕበሉ ሳይነሣ ቶሎ ይገላግሏት፤ እርስዎን ሳላይ አልሄድም ብላለች" አላቸው።

"አንተን የሚያስቸኩልህ ማዕበሉ ነው ወይስ ምሳህ?" አሉትና ወደ እኔ ዞሩ። "እሺ ልጄ።"

"አባ፣ ከሙታኑ ስም መካከል በሕይወት ያለች ሴት አለች። ያስገባኋት እኔ ነኝ።"

"ተሳስተሽ?"

"አይደለም። እንድትሞት ብዬ ነው።"

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መዝገቡን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጡና ቅጠል በቅጠል ገለጡት። ወረቀቴ ተለጥፋ ነበር።

"ይህ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የእኔ።"

"አንብቢው እስቲ።"

"ነፍስ ይማር።"

"ምን ማለት ነው?"

ዓይኔን ወደ ውኃው መለስሁ።

"እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ኀጢአቷን ይቅር በላት፣ በአብርሃም እቅፍ አኑራት እያልን ስንለምንላት ኖረናል። በአንቺ ጧፍ፣ በአንቺ ዕጣን። እናቷ እንኳ እንዲህ አላስጸለየችላትም!" ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ለጠላትሽ እንዲህ ከሆንሽ ለወዳጅሽ ምን ልትሆኚ ነው?"

አለቀስሁ። የጸጸት ልቅሶ አልነበረም፤ የንዴት ነው። ውፍረቷ፣ ሻይ ቤቷ፣ መንታዎቿ ተራ በተራ በፊቴ አለፉ። መርዝ ነው ብዬ ሰባት ዓመት ያጠጣኋት ጠበል ኖሯል።

"ያንቺስ ስም የትኛው ገጽ ላይ ነው?" አሉኝ።

"የለም፣ አባ።"

"ከሕያዋኑ?"

"የትም የለም።"

ሳቃቸውን አቆሙ። "በየዓመቱ እዚህ ድረስ ስትመጪ፣ ለራስሽ አንድም ቀን?" እስክሪብቶ አወጡ። ስሟን ከሙታኑ ሰርዘው ከሕያዋኑ ገጽ ጻፉትና አጠገቡ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ያንቺን እዚህ ንገሪኝ፤ በአንድ ትንፋሽ እጠራችኋለሁ።"

"ከእሷ ጋርማ አይሆንም! ሌላ ገጽ ይፈልጉልኝ።"

"ገጽ ሞልቷል። በሩ ግን አንድ ነው፤ ተጋፍታችሁ ግቡ።"

ጀልባ ነጂው ያፏጫል። ውኃው መጥቆር ጀምሯል። ስሜን ነገርኋቸው፤ ድምፄ እንደ ሌባ ነበር። ከእሷ በቀር ለማንም ነግሬው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አክስቴን ልጠይቅ ወደ እንፍራንዝ ስሄድ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔ መስኮቱ ጋ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ስሟን ሕያዋን ላይ ማጻፍና ሻይዋን መጠጣት ለየቅል ነው።

እሷ ራሷ ትሪ ይዛ ወደ መስኮቶቹ መጣች። በእርግጥም ወፍራለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ ነጠላው እስከ ግንባሩ ተጎትቷል። አየችኝ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!" አላት አንድ መንገደኛ። አልሰማችውም።

እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። ልትሸፍነው ነው አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር ተመኘሁት። ትሸፍነውና ቂሜ እንደ ልቡ ይደር። እሷ ግን ልጁን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችና ፊቱን ገለጠችው። ወደ መስኮቱ አነሣችልኝ።

"እዪው" አለችኝ። "መርቂልኝ።"

እኛ ዘንድ ሕፃን አይቶ ሳይመርቅ ዝም የሚል ሰው ይፈራል። ዝም ብል፣ ልጁ ባተኮሰው ቁጥር ዓይኔን እያሰበች ትኖራለች። እንዲህ ያለ በቀል በሰባት ዓመት ጧፍ አይገኝም። ዝም አልሁ። ዝምታዬ ጣመኝ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ ተሳፋሪው እየተጋፋ ገባ። እሷ ግን ልጁን ከፊቴ አላወረደችውም። መነኩሴው በአንድ ትንፋሽ እጠራችኋለሁ ያሉት ትዝ አለኝ። እሷ ላይ የዘጋሁትን በር ለራሴ ማን ይከፍትልኛል?

"ያሳድግልሽ" አልሁ። እንደ ክፉ ጥርስ ተነቅላ ወጣች።

"አሜን" ስትል ሰማሁ። አውቶቡሱ ተነቃነቀ። መጋረጃውን ሳብሁ፤ ፊቴን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።

ድሬዳዋ ስመለስ የንስሐ አባቴ ጠየቁኝ።

"አወጣሻት?"

"ከመዝገቡ አወጣኋት፣ አባ።"

"ከልብሽስ?"

"እሷማ እንደ ኮሶ ትል ናት። ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እያለች ነው የምትወጣው።"

ራሴን በመስቀላቸው ነካ አደረጉት። "ራሷ እስክትወጣ ድረስ መድኃኒቱን አታቋርጪ" አሉኝ። "እሑድ ምንም ሳትቀምሺ ነዪ።"