ከአምቡላንሱ ኋላ የቆጠርኳቸው ትንፋሾች

ፈረቃ ስትገቡ እጃችሁ እንደሚንቀጠቀጥ ስለነገራችሁኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ዛሬ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ አብረን የምንሠራ ነርሶች ነን። ይህ የምነግራችሁ ሲሆን ግን እኔ ወታደር ነበርኩ፤ አስር አለቃ፣ የሻለቃው ሕክምና ክፍል ነርስ።

የመንቀሳቀስ ትዕዛዝ የደረሰን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ነርሶች ነበርን። ረፋዱ ላይ ከአንድ ራሰ በራ ኮረብታ ሥር ሁለት ድንኳን ተከልን። ኃላፊያችን ሲስተር አስካለ መጠጥ ቤት የሞላበት የአዲስ አበባው ውቤ በረሃ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት መድፍ ጀመረ። ቁስለኞች መጡ። ሆዱን የተመታ ወታደር ፊት ተንበረከክኩ። ግሉኮስ ልተክልለት መርፌ ስወጋ ደም ሥሩን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። አንድ የመድፍ ጥይት ቅርባችን ሲወድቅ ግሉኮሱን ጥዬ ሮጥኩ። ውጭ ከቆመው አምቡላንሳችን ኋላ ተደበቅኩ። አየር አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ።

ሲስተር ተከትለውኝ መጡ። አልተቆጡኝም።

«ሲስተር፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አልኳቸው።

«እጅሽን ለጊዜው ተዪው። አራት እስክትቆጥሪ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ ስድስት እስክትቆጥሪ በአፍሽ ልቀቂ። ቀስ።»

ምድር ተናወጠች። ቁጥሩ ጠፋኝ።

«ከአንድ ጀምሪ። የውቤ በረሃ ቅዳሜ ከዚህ ይብሳል።»

ጡጫዬን አጥብቄ ጨብጬ እንድለቅ፣ ትከሻዬን እንዳወርድ አደረጉኝ። አሥር ትንፋሽ ቆጠርን። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ጣቶቼ ግን ተመለሱልኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ያ ሆዱን የተመታው ወታደር ሞቶ ነበር።

ከጎኑ የተኛውን ያዝኩ። ደም ሥሩን በመጀመሪያው ሙከራ አገኘሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ድንኳን ተመታ። ከአንዱ ቁስለኛ ወደ ሌላው ስንሄድ እየቆምን፣ ትንፋሻችንን እየቆጠርን ሠራን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድፉ ዝም አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሞቱትን ቆጠርን። ከቁስለኞቹ ሰባት። ከነርሶች አንድ፤ ሐዋ፣ ሁለተኛው ድንኳን ውስጥ የነበረችው።

«ባልሮጥ ኖሮ ያ የመጀመሪያው ወታደር ይተርፍ ነበር?» ብዬ ሲስተርን ጠየቅኳቸው።

«አላውቅም» አሉኝ።

በየጠዋቱ ከሥራ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ከእኔ ጋር እንድትተነፍሱ የምለምናችሁ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ትንፋሹን መልመድ የሚቻለው ፍርሃቱ ሳይመጣ ነው። ከሰባቱ የስድስቱን ስም አውቃለሁ። የዚያን ወታደር ግን ሳልጠይቀው ነበር የሮጥኩት።