ከብስክሌት መውረድ ግዴታ የሆነበት እሑድ

በብስክሌት ውድድር መሃል «ቁሙና ውረዱ» የሚል ሕግ ውድድሩን ያሳምራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ያሳምራል እላለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ የእናቴን ፊት ደግሞ አይቻለሁ። ስለዚህ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ይሠራል፤ ከሥራ ከወጣ በኋላ ግን ከብስክሌቱ ላይ የሚያወርደው እንቅልፍ ብቻ ነው። በየበዓሉ የሠራተኞች ውድድር ይደረግ ነበር። የዚያን ዓመት አሸናፊው አዲስ አበባ ሄዶ ብሔራዊ ቡድን ይገባል ተባለ። ይህን ከሰማ ጀምሮ ወንድሜ እህል አልዋጥለት አለ። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲቆጥር ማርጀትን እንደ ሞት ይፈራው ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ በገበያው ጀርባ ይገባና በሐይቁ ዳር ዞሮ ይመለሳል። ከገበያው ጀርባ በአንድ በኩል የሱቅ በረንዳ፣ በሌላው በኩል ቦይ ስለሆነ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን አያሳልፍም። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል፤ የቀረው የፊተኛውን ጀርባ እያየ ይዞራል። ተመልካቹም በሁለተኛው ዙር ሰልችቶት ጠላ ቤት ይገባል።

ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣው የስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ለዚህ መላ ዘየደ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ፣ በመረጠው ዙር አንድ ጊዜ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር በኖራ በተሰመረው መስመር ላይ ይቆማል፤ ይወርዳል፤ የራሱ ሰው የሚሰጠውን አንድ ጣሳ ውሃ ጨርሶ ይነሳል። ያልወረደ ይሰረዛል። ለወንድሜ ውሃ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። «በቅሎ አደረጓችሁ እንዴ፣ ወንዝ ሲደርሱ የሚያጠጧት?» ብዬ ስቄበታለሁ።

እሑድ ማለዳ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ጎረቤታችን፣ አርፈው ነበር። ሊቀመንበሩ ጥሩንባውን ይስማ አይስማ አላውቅም። ያሰመረው የውድድር መንገድ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት መንገድ መሆኑን ግን የነገረው የለም። ካድሬን ማን ደፍሮ ያርማል?

ወንድሜ ጫማውን እያሰረ፣ «እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ብታይኝ» አላት።

«ውድድሩ ነገም አለ። እሷ ግን ነገ የለችም» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ውድድሩ ተጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ያለ ውድድር አይቼ አላውቅም። ቀድሞ የገባው አንድ የጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ወንድሜ ከኋላው ተቀርቅሮ ቀረ። በድሮው ሕግ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። አሁን ግን ሰዉ «መቼ ይወርዳል? ማን ይቀድማል?» እያለ ይጨነቃል፤ ጠላ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ወንድሜ ቶሎ ወረደ፤ ጣሳውን ከእጄ ነጥቆ ግማሹን ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ጨረሰውና በረረ። መካኒኩ ግን መውረዱን ለመጨረሻው ዙር አቆየው። ወንድሜ ከኋላው ልዩነቱን እያጠበበ መጣ። መካኒኩ ከወረደ አለቀለት። በሕጉ የሳቅሁት እኔው ሴትዮ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።

በመጨረሻው ዙር መካኒኩ ወደ ዋርካው ሲቃረብ፣ ከጎን ካለው መንገድ ቀብሩ ብቅ አለ። ከፊት ቄሶቹ፣ ከኋላ ሳጥኑ፣ ከዚያ ሕዝቡ። ዋርካው ሥር የተቀመጥነው ሁሉ ብድግ አልን። መካኒኩ ፍሬን ያዘ። ወረደ፤ ቆቡን አወለቀ፤ ብስክሌቱን ደገፍ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መስመሩ ገና ፊቱ ነበር።

ወንድሜ አልወረደም።

የመንገዱን ጠርዝ ታክኮ፣ በሳጥኑና በለቀስተኞቹ መሃል ሰንጥቆ አለፈ። አንዲት ሴት ወደ ኋላ ሸሽታ ልትወድቅ ስትል ሌሎቹ ያዟት። ቀና ስትል አየኋት፤ እናቴ ናት። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። አጠገቤ ያሉ አዛውንት፣ «ጉድ በል ጎንደር!» አሉና አፋቸውን ያዙ። የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እኔን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

ወንድሜ አንደኛ ወጣ። ያጨበጨበለት ሊቀመንበሩ ብቻ ነበር። መካኒኩ ቀብሩ እስኪያልፍ ቆሞ፣ በኋላ መጥቶ ሲገባ፣ «መስመሩ ላይ ስላልወረድክ ተሰርዘሃል» ተባለ።

«ወርጃለሁ እንጅ» አለ መካኒኩ። «ይህ ሁሉ ሰው አይቶኛል።»

«ግዴታው መስመሩ ላይ ነው፣ ጓድ።»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ሊቀመንበሩን? ወንድሜን? ወይስ «ያሸንፍልኝ» ብዬ ስጮህ የነበርኩትን እኔን?

እናቴ ከቀብር ተመልሳ እጇን ታጠበች። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ነው። አላየችውም። ልጇን ግን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ሲያወጡኝስ ትወርዳለህ?»

ወንድሜ ዋንጫውን አንስቶ አልጋው ሥር ደበቀው። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄደ። ስትሸኘው ሳመችው፤ እልል ግን አላለችም።

ከወራት በኋላ አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። ብስክሌት የለውም። ቡድኑ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲለማመድ ቀብር አጋጥሟቸው፣ እሱ ወርዶ ቆመ። አሰልጣኙ ከመኪና ላይ «ብስክሌቱ ላይ ውጣ! ንዳ!» እያለ ቢጮህበትም ሰዉ አልፎ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም። ማታውኑ ብስክሌቱን ተቀብለው ከቡድኑ አሰናበቱት። ሰኞ መጋዘን ይመለሳል። ይህን የነገረን መሬት መሬት እያየ ነው።

እናቴ ጠጋ አለችው።

«ማን ነበር የሞተው?»

«አላወቅሁትም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አላወቅሁም፣ እማዬ። ሳጥን ነው ያየሁት።»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ልጇ ዋንጫ ይዞ የመጣ መስሎት እየሮጠ ግቢያችንን ሞላው። «ምን አሸነፈ? ምን አሸነፈ?» እያሉ እኔን ይጠይቁኛል፤ እሱ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እሷ እልልታዋን አላቆመችም።