ነጠላ የለበሰች ሥዕል

ልጄ ሥዕሉን ራሷ ምስማር መትታ ሳሎኔ ውስጥ የሰቀለችው የንስሐ አባታችን ቤቴን ጸበል ሊረጩ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነበር። ነርሲንጉን ትታ ሥዕል ልማር ካለች ወዲህ ተኳርፈን ከርመን ነበርና፣ ከምትኖርበት ከአሌክሳንድርያ እኔ እስካለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያመጣችልኝ የእርቅ ስጦታ መሆኑ ነው። ኢምፕሬሽኒስት ከሚሏቸው የድሮ ፈረንጅ ሰዓሊዎች አንዱ በስተርጅናው፣ ጣቶቹ በቁርጥማት ተቆልምመው ሳለ የሳለውን ሙዚየም አይታ፣ አስመስላ የሳለችው ነው። ዛፍ አለ፣ ሣር አለ፣ ውሃ አለ። መሀሉ ላይ ደልደል ያለች ሴት እርቃኗን ተቀምጣ ፀጉሯን ታደርቃለች።

"ማም፣ ካልወደድሽው ጀስት ንገሪኝ" አለችኝ። "ደብቀሽው ካገኘሁ ግን በጣም ነው ኸርት የሚያደርገኝ።"

ወድጄዋለሁ አልኳት። እውነቴን ነው፤ የሴትየዋን ትከሻ አይቼ አልጠግብም። አባ የሚመጡበት ቅዳሜ እየቀረበ ሲመጣ ግን መላው ጠፋኝ። ባወርደው ልጄን መልሼ ላጣ ነው፤ ብተወው አባ ፊት ምን ይውጠኛል? ልጄ አባን ከስፕሪንግፊልድ ይዛቸው መንገድ ላይ ሳለች ነጠላዬን አንስቼ ሥዕሉ ላይ ጣል አደረግኩት። አላወረድኩትም፣ አልደበቅኩትም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

አባ ገብተው መስቀል አሳለሙኝ። ዞር ሲሉ ዓይናቸው ነጠላው ላይ አረፈ። የሠራሁት ሥራ ያኔ ነው የገባኝ፤ እኛ ዘንድ ተሸፍኖ የሚሰቀል የቅዱሳን ሥዕል ብቻ ነው። አባ ጫማቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ሰገዱ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አንዴ ነጠላውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

"ጸሎት ልናደርስ ነው፤ ግለጪው እንጂ ልጄ" አሉኝ አባ።

የነጠላውን ጫፍ ይዤ ገለጥኩት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ ክው ብለው ቀሩ። ቆይተው ዛፉን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ ፊታቸው ፈታ አለ።

"ሔዋን ናት?"

"አዎ አባ፣ ሔዋን ናት" አልኩ። ከአፌ አፈትልኮ ወጣ።

"ገና ፍሬዋን ሳትበላ" አሉ። "ያኔማ እሷም አታፍርም ነበር፤ አንቺ ምነው ሸፈንሻት?" ፈገግ ብለው ጸሎቱን ጀመሩ፤ ሲጨርሱም ጸበሉን ለእሷም ረጩላት። እኔ እፎይ አልኩ። ልጄን ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርኩም።

አባን የሚመልሳቸው ሰው መጥቶ፣ ሸኝቻቸው ስመለስ ልጄ ሥዕሉን አውርዳ ታቅፋዋለች።

"ሔዋን አይደለችም" አለችኝ። "ሺ ኢዝ ጀስት ገላዋን የታጠበች ሴት።"

"አውቃለሁ።"

"ማወቅሽን አውቃለሁ፣ ማም። እሱ ነው የከፋኝ።"

እስከ መኪናዋ ተከተልኳት። ሥዕሉን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቢያንስ በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

"ስትደርሺ ደውዪልኝ" አልኳት።

እሷ ግን መኪናዋን አስነስታ ሄደች።