ጎል ሲቃረብ የሚደርቀው ኮምፒውተር

ሱመይራ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ጌም ቤት ከከፈተች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ምድር ቤት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት አባቷ አቶ ነዚፍ «ኮምፒውተር ተምራ ኳስ ታጫውታለች» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያሟታል። ይበሉ እንጂ ፎቁ ላይ ያለውን ክፍል የሰጧት ራሳቸው ናቸው።

ካሏት ስድስት ኮምፒውተሮች አምስቱ ደህና ናቸው። መስኮቱ ሥር ያለው ግን አመለኛ ነበር። ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ስትንሸራሸር ምንም አይለውም፤ አጥቂው ግብ ክልል ሲገባ ድርቅ ይላል። ምስሉ ሲመለስ ኳሷ በረኛው እጅ ገብታለች።

ተጫዋቹ ሁሉ «ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ አርጅቷል» አላት። ሐዋሳ የሚመላለሰው ወንድሟ ዘከርያ ምስሉን የሚያወጣውን ይህን ካርድ የተሻለ አድርጎ አመጣላትና ገጠመችው። ሣሩ አማረ፤ የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ታየ። ቅዳሜ ከሰዓት የፊዚክስ መምህሩ ኃይለኢየሱስ ቁጭ ብለው ሞከሩት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ኮምፒውተሩ ደረቀ፤ ቤቱም በሳቅ ተናወጠ።

ሱመይራ ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ቲቸር፣ ካርዱ እኮ አዲስ ነው!»

«ካርዱን ተይው» አሏት። «ቸርች ውስጥ የመዘምራኑን ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ ጆሮዬ አያርፍም። ይሄ ነገር የሚደርቀው ጨዋታው ውስጥ ያለው ተመልካች ሲጮህ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይንተባተባል፣ ከዚያ ምስሉ ይከተለዋል።»

እሑድ ጠዋት ደንበኞቿ ቸርች ስለሚሆኑ ቤቱ ጭር ይላል። ሱመይራ ደብተሯን ዘርግታ ሙከራዋን ጀመረች። ሁልጊዜ ያው ሁለት ቡድን፣ ያው ሜዳ፤ የምትቀይረው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር አለ። በአዲሱ ካርድ መሃል ሜዳ ላይ ስልሳ ደረሰ፤ ተመልካቹ ሲጮህ ወደ ዘጠኝ ወረደ። አሮጌውን መልሳ ገጠመች፦ ሠላሳ ስምንት፣ ሲጮህ ዘጠኝ። አዲሱን ካርድ መልሳ የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው አወረደች። አሁንም ዘጠኝ!

በመጨረሻ ጥራቱን ወደ ነበረበት መልሳ፣ ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራውን የድምፅ ክፍል ጨርሳ ዘጋችው። ጨዋታው ዝም አለ። አጥቂው ግብ ክልል ገባ፣ መታ፣ አገባ። ቁጥሩ ከስልሳ ንቅንቅ አላለም።

«ሱብሃነላህ!» ብላ ጮኸች።

አቶ ነዚፍ ሜትራቸውን እንደያዙ ደረጃውን ሮጠው ወጡ። «ምነው ልጄ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሽ?»

«አይ አባዬ፣ በሽታውን አገኘሁት! ምስሉ አይደለም፣ ድምፁ ነው!»

ግን ድምፅ የሌለውን ኳስ ማን ይጫወታል? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቲቸር ኃይለኢየሱስ ከቸርች መልስ ብቅ አሉ። ከኪሳቸው አውራ ጣት የምታክል የድምፅ ካርድ አወጡ፤ የቸርቹን ላፕቶፕ ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኙባት ናት።

«እስኪ ይቺን ሰኪበት።»

ሰካች። ተመልካቹ እንደ ጉድ ጮኸ፤ ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመ። ቲቸር አቀበሉ፣ አታለሉ፣ አገቡና ከወንበሩ ተነሥተው ጨፈሩ። አቶ ነዚፍ «እስኪ እኔም» ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ ያገቡት በገዛ ግባቸው ላይ ነበር። ስታዲየሙ ሲያስተጋባ «ለእኔ ነው የሚጮኹት?» አሉ ደስ ብሏቸው። ሱመይራ እውነቱን ለመናገር አልጨከነችም።

ወሬው ሩቅ ለመድረስ አልዘገየም። በሳምንቱ ዲላ አቅራቢያ ጪጩ ላይ ጌም ቤት ያለው ጆሲ ደወለላት፤ የእሱም ኮምፒውተር ይደርቃል፣ «የድምፅ ካርድ ይዘሽልኝ ነይ» አላት። ሄዳ ያንኑ ሙከራ አንድ በአንድ አደረገች። ድምፁን ብትዘጋም ለውጥ የለም። የምስሉን ጥራት ስታወርድ ግን ጨዋታው ነፍስ ዘራ። ግራፊክስ ካርዱን ብትፈታው ማራገቢያው አቧራ ጠጥቶ ቆሟል።

«ታዲያ ችግሩ ድምፁ ነው አላልሽም?» አለ ጆሲ ግራ ገብቶት።

«የእኔ ነበር እንጂ የአንተማ አይደለም፤ ያንተ አቧራ ነው» አለችውና ብሩሽ እንዲያመጣላት ላከችው።