ከመኪና ሥር የተገለበጠው መነጽር

ባሌ መካኒክ ነው። ብሎን በዳበሳ የሚለይ ሰው፣ ግን እልኸኛ። የቅርቡ ነገር አልታይ ሲለው ስንት ጊዜ አምፖሉን ሲረግም ከረመ።

በመጨረሻ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ለብቻው መነጽር ቤት ሄደ። "መሀሉ ላይ መስመር ያለበትን አላደርግም፤ አርጅቻለሁ ብሎ የሚለፍፍ ነገር ነው" ብሎ መስመር የሌለውን መረጠ፤ ከላይ ሩቁን፣ መሀል ላይ መካከለኛውን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳየውን። ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ማለት ይሄ ነው።

ደረጃ ሲወርድ ወለሉ ይወላገድበት ጀመር። ጋዜጣ ሲያነብ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አገጩን ያነሳል። "ይለመዳል ብለውኛል" ይላል፤ እኔም ስቄ እተወዋለሁ።

መኪና ሥር ሲገባ ግን ሳቅ የለም። ቅርቡ የሚታየው በታችኛው መስታወት ነው፤ በጀርባው የተኛ ሰው ታዲያ አንገቱን ወዴት ይስበረው? ብሎኑ ከፊቱ በላይ ተንጠልጥሎ ጭጋግ ሆነበት። ሲጨንቀው መነጽሩን ገልብጦ በክር ከጭንቅላቱ ጋር አሰረው። ጥርት ብሎ ታየው። ሠራተኞቹ ጎንበስ እያሉ እያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ በንዴት ሲጣደፍ ክሩ ላላ፤ መነጽሩ ተንሸራተተ፤ አንድ የፍሬን ብሎን ሳይጠብቅ ቀረ።

የጋራዡ ባለቤት ሙያውን የተማረው ከባሌ ነው። መኪናው ከመውጣቱ በፊት ደረሰበት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

"ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ መኪና ሥር አይግቡ። በር ላይ ሆነው ደንበኛ ይቀበሉልኛል" አለው።

ቤት ገብቶ ሲነግረኝ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። በማግስቱ ለጠብ ተነስቼ መነጽር ቤት ሄድኩ።

"ሰውዬውን ከሥራው አፈናቀላችሁት" አልኳት ባለሙያዋን። ረጋ ያለች ልጅ ናት። ነገሩን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

"እናቴ፣ በጀርባው ተኝቶ ለሚሠራ ሰው ይሄን መቼ እንሰጣለን? ለቅርብ ብቻ የሚሆን ተራ መነጽር ይበቃቸው ነበር። ሥራዎ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ እኮ።"

"ምን አለሽ?"

"ቢሮ ነው የምሠራው አሉኝ።" ትንሽ አሰብ አደረገች። "እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር።"

ግራሶ ያልለቀቀው ያ እጅ ነው ልጆቻችንን ያሳደገው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራበት፣ እሱ ለካ ያፍርበት ኖሯል።